ስለማያምም የማንጠይቀው ፈቃድ

አንድን ሰው መርፌ ልንወጋ ስንዘጋጅ ማንም ሳያስታውሰን እንናገራለን። «ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግዎታል፤ እጅዎን ዘና ያድርጉት» እንላለን፤ ታካሚውም «ምንድን ነው የምትወጊኝ? ለምኑ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቀዶ ሕክምና ሲሆን ደግሞ የሚፈረም ወረቀት አለ፣ ቤተሰብ ይጠራል፣ ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ ያስረዳል። ወደ እኔ የራጅ ክፍል የሚመጣ ሰው ግን ማዘዣውን ያቀብለኛል፣ የአንገት ሐብሉንና ቀበቶውን ያወልቃል፣ ጠረጴዛው ላይ ይጋደማል፣ «አየር ይሳቡ፤ ይያዙት» ስለው ይይዛል፣ «ይተንፍሱ» ስለው ይተነፍሳል፤ ከዚያ ልብሱን ለብሶ «ውጤቱ መቼ ይደርሳል?» ብሎ ይሄዳል። በመካከሉ ምን እንደተደረገበት አይጠይቅም፤ እኔም በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት አልነግረውም ነበር።

ለዚህ ዝምታ ምክንያቱ የወረፋው ርዝመት ይመስለኝ ነበር። ራጅ፣ ሲቲ ስካን (የሰውነትን ውስጥ በራጅ ጨረር ንብርብር በንብርብር የሚያሳይ ምርመራ) እና አልትራሳውንድ በማንሳት ባሳለፍኳቸው ዓመታት ግን ሌላ ምክንያት እየታየኝ መጣ፤ ምርመራው ስለማያምም ነው። ጨረር ሰውነትን ሲያልፍ አይቆነጥጥም፣ አያቃጥልም፣ ድምፅም የለውም። የማያምም ነገር ጉዳት ያለው፣ ፈቃድም የሚጠየቅበት አይመስለንም፤ አንድ ጊዜ ቢደገም ደግሞ ምን ይሆናል እንላለን። በሕክምና ምስል ዙሪያ የሚነሡትን የሥነ ምግባር ጥያቄዎች ከሥረ መሠረታቸው ይዤ ስከተል አብዛኞቹ ከዚሁ አንድ ግምት የበቀሉ ሆነው አገኛቸዋለሁ።

ነገሩ ከመነሻውም እንዲሁ ነበር። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዊልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 22 ቀን የባለቤቱን የአና በርታን እጅ አነሳ። በዚያ ምስል ላይ የጣቶቿ አጥንቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ቀለበቷም ከአጥንቱ ይልቅ ጠቁሮ በጣቷ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። አዲሱ ዓመት እንደገባ ሮንትገን የምስሉን ቅጂዎች ለሙያ ባልደረቦቹ ላከ፤ ጋዜጦችም ወዲያው ተቀባበሉት። ሁለት ሳምንት ገደማ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የአንዲት ሴት አጥንት አይተዋት በማያውቁ ሰዎች እጅ ገባ ማለት ነው። ሮንትገን በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ሲሆን፣ በግኝቱ ላይ የባለቤትነት መብት ለማስመዝገብ ግን አልፈለገም፤ ለሰው ልጅ ሁሉ ይሁን ብሎ ተወው። ይህን ቸርነቱን ሁልጊዜ በአክብሮት አስባለሁ። ግኝቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በዚህ መንገድ ገና በማለዳው መልስ አገኘ፤ ምስሉ የማን ነው የሚለው ግን ያኔ ጥያቄ ሆኖ እንኳ አልተነሣም።

ጉዳቱም ቢሆን የታየው ዘግይቶ ነው። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ የጨረር ቱቦዎችን የሚፈትነው የገዛ እጁን ከፊታቸው እያቆመ ነበር። በዚያ ሰዓት ምንም አላመመውም። ቆይቶ ቆዳው ቆሰለ፣ ቁስሉ ወደ ካንሰር ተለወጠ፣ እጆቹ ተቆረጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ሞተ። ኤዲሰንም በረዳቱ ላይ የደረሰውን አይቶ ከኤክስሬይ ጋር የተያያዘ ሥራውን ተወ። በ1936 በጀርመኗ ሐምቡርግ ከተማ በቆመው መታሰቢያ ላይ በጨረር ሥራ ምክንያት ሕይወታቸውን ያጡ ከ150 በላይ ሐኪሞች፣ ሊቃውንትና የሙያ ረዳቶች ስም ተቀርጿል። ሙያችን ስለ ጥንቃቄ የተማረው በእነዚህ ሰዎች ሥጋ ነው፤ ስለዚህም ጥንቃቄው ቀድሞ የተሠራው ለእኛ ለአንሺዎቹ መሆኑ አይገርምም።

በደረቴ ላይ ሁልጊዜ የምሰካት ትንሽ የጨረር መለኪያ አለች። በየጊዜው ተሰብስባ ትመረመርና የተቀበልኩት መጠን በስሜ ይመዘገባል። ዓለም አቀፍ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ለእንደኔ ዓይነቱ ሠራተኛ ያስቀመጠው ጣሪያ በአምስት ዓመት አማካይ ሲሰላ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው (ሚሊሲቨርት ሰውነት የተቀበለው ጨረር የሚለካበት መስፈሪያ ነው)፤ እኔ ደግሞ ከመስታወትና ከእርሳስ ግድግዳ በስተጀርባ ስለምቆም ወደዚያ መጠን ደርሼ አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ ለሚጋደመው ሰው ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም። ይህ የሆነው በቸልተኝነት አይደለም፤ ለታካሚው የሚበጀው ምርመራ በቁጥር ገደብ ምክንያት እንዳይከለከል ታስቦ ነው። በገደቡ ፈንታ ሁለት ግዴታዎች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ምርመራው በቂ ምክንያት ያለው መሆን አለበት ይላል፣ ሁለተኛው ደግሞ ምክንያቱ ካለ መጠኑ ለጥያቄው መልስ ከሚያስፈልገው አይብለጥ ይላል። ሁለቱም ግዴታዎች የተጣሉት በባለሙያው ሕሊና ላይ ነው። የእኔን የምትቆጥር መለኪያ በደረቴ ላይ አለች፤ የታካሚውን ማን ይቆጥርለታል?

ቁጥሩን ግልጽ ለማድረግ ያህል፣ በዓለም ላይ አንድ ሰው ከምድር፣ ከሕዋና ከሚተነፍሰው አየር በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል የተፈጥሮ ጨረር ይቀበላል። አንድ የደረት ራጅ ከ0.1 ሚሊሲቨርት እምብዛም አይበልጥም፤ የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን ግን ወደ 10 ሚሊሲቨርት ሊጠጋ ይችላል። ታካሚዎች ሁለቱንም «ፎቶ» ይሏቸዋል። በመካከላቸው የመቶ እጥፍ ልዩነት እንዳለ የሚነግራቸው ከሌለ ከየት ያውቁታል?

አንድ ቀን የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ የመጣች እናት ነበረች። ልጁ ሲጫወት ወድቆ ግንባሩ አብጧል፤ ማዘዣው የጭንቅላት ሲቲ ስካን ይላል። ልጁ ነቅቷል፣ አላስመለሰውም፣ ራሱን አልሳተም፤ ማሽኑን ሲያይ «ውስጡ ይሽከረከራል?» ብሎ ጠየቀኝ። እናቱ ቀሚሷን እየጎተተች «እህቴ፣ ይሄ ነገር ልጄን አይጎዳውም?» አለችኝ። ብዙ ጊዜ ለዚህ ጥያቄ «አይ፣ ምንም አይለውም» ብዬ መልሻለሁ፤ ያን ቀን ግን መልሱ ከአፌ አልወጣልኝም። ወደ አዘዘው ሐኪም ሄጄ ስለ ልጁ ሁኔታ ነገርኩት። ገና ወጣት ነበር፤ የመለሰልኝም በቅንነት ነው፤ «ባላነሳው፣ ነገ አንድ ነገር ቢሆን የሚጠየቀው ማን ነው?» አለኝ።

ይህች ንግግር ከብዙ የሥነ ምግባር ትምህርት ይልቅ ችግሩን አሳይታኛለች። በእኛ ሙያ ያነሳ ሰው አይጠየቅም፤ ያላነሳ ይጠየቃል። አንድ ልጅ ሳያስፈልገው በተነሳው ሲቲ ስካን የተነሣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቢታመም የዚያን ቀን ማዘዣ የሚያስታውስ ሰው አይኖርም፤ አንድ ደም መፍሰስ ሳይታይ ቢቀር ግን በነጋታው ስሙ የሚነሣ ሐኪም አለ። ስለዚህ ሐኪሙ ሥጋቱን ለማራገፍ ያዝዛል፣ ዋጋውን ደግሞ የልጁ ሰውነት ይከፍላል። ልጆች ሴሎቻቸው በፍጥነት ስለሚከፋፈሉና ከፊታቸው ረጅም ዕድሜ ስላለ ጨረር ከአዋቂ ይልቅ ያሰጋቸዋል፤ ማሽኑ በአዋቂ መጠን ተስተካክሎ ልጅ ከተነሳበት ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ይቀበላል። ለሐኪሙ ሥጋት ግን መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመና በአሜሪካ 42,412 ሕፃናትንና ወጣቶችን ያካተተ ጥናት፣ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ የትኞቹ ምልክቶች ባይኖሩበት ሲቲ ስካን እንደማያስፈልገው በግልጽ አስቀምጧል። ሐኪሙም ይህን ያውቅ ነበር፤ የሚያስፈልገው አብሮት የሚቆም ሰው ብቻ ነበር። ልጁ ለስድስት ሰዓት ያህል በክትትል ቆየ፣ ብስኩቱን በላ፣ ተኝቶም ተነሣ፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ።

በተቃራኒው ያለውን ፍርሃትም አልደብቅም። ጨረርን ፈርተው ለሕይወታቸው የሚያስፈልግ ምርመራ የቀረባቸው ሰዎች አይቻለሁ፤ ሳንባቸው የደም መርጋት እንዳለበት ተጠርጥሮ «አልነሳም» ያሉ እናት ትዝ ይሉኛል። የ10 ሚሊሲቨርት ምርመራ የሚጨምረው በካንሰር የመሞት ዕድል ከ2,000 ሰዎች በአንዱ ያህል እንደሚሆን ይገመታል፤ በምክንያት ለታዘዘ ምርመራ ይህ ትንሽ ነው። እኚያን እናት ያሳመናቸው ልመናዬ አልነበረም። ቁጥሩን ነግሬያቸው፣ ባይነሱ ሊመጣ የሚችለውንም ነግሬያቸው ሲያበቃ ራሳቸው አመዛዝነው «እሺ ልጄ፣ አንሺኝ» አሉ። ፈቃድ ማለት እኔ በሚገባኝ መንገድ ይህ ነው።

ማሽኑ የሚሰጠውን መጠን በስክሪን ያሳየናል። ማሳየቱ ግን ብቻውን አያድንም። በሎስ አንጀለስ ከተማ በ2008 እና በ2009 ለአሥራ ስምንት ወር ያህል 206 ታካሚዎች በአንጎል የደም ዝውውር ሲቲ ስካን ወቅት ከሚገባው ስምንት እጥፍ ያህል ጨረር ተቀብለዋል፤ ምክንያቱ በማሽኑ ማስተካከያ ላይ የተደረገ ለውጥ ነበር። ነገሩ የታወቀው ቁጥሩን ያየ ባለሙያ ደንግጦ ሳይሆን አንድ ታካሚ ፀጉሩ መርገፉን በመናገሩ ነው። ይህን ታሪክ ለአዲስ ባልደረቦች ሁልጊዜ እነግራለሁ። ቁጥሩ ዓይናችን ሥር እያለ የማናየው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ስለማይጮህ ነው።

ወደ ሌላው ወገን ልለፍ። ምስል አንዳንዴ የሚጎዳው በጨረሩ ሳይሆን በሚያሳየው ነገር ነው። ታላቅ እህቴ ለጀርባዋ ሕመም ተነስታ በኩላሊቷ ላይ «ተጨማሪ ክትትል የሚያስፈልገው» ነገር ተገኘ። የጀርባ ሕመሙ በሦስት ሳምንት ለቀቃት፤ ያች ዓረፍተ ነገር ግን ስምንት ወር አልለቀቀቻትም። ሦስት ጊዜ ተነሳች፣ አንድ ጊዜ የተወጋችው የምስል ማድመቂያ መድኃኒት አሳከካት፣ ልጆቿን ሳትነግር ሌሊት ቁጭ ብላ ታድር ነበር። በመጨረሻ ምንም ጉዳት የማያመጣ ውኃ የቋጠረ ከረጢት መሆኑ ተነገራት። በማንም አልፈርድም፤ ያየውን የጻፈው ሐኪም ግዴታውን ተወጥቷል። የምቆጨው እህቴ ጠረጴዛው ላይ ከመውጣቷ በፊት «የምንፈልገውን ብቻ ሳይሆን ያልፈለግነውንም ልናገኝ እንችላለን፤ ብዙውን ጊዜም ምንም ሆኖ አይገኝም» ያላት ሰው ባለመኖሩ ነው። በአሥር ሴኮንድ የሚያልቅ ንግግር ነው።

በደቡብ ኮሪያ ይህ በአገር ደረጃ ደርሷል። ከ1999 ጀምሮ በተስፋፋው የካንሰር ቅድመ ምርመራ ሰበብ የአንገት አልትራሳውንድ በብዛት መሠራት ጀመረ፤ አያምም፣ ጨረር የለውም፣ ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል፤ ማን እምቢ ይላል? በ2011 በታይሮይድ (በአንገት ላይ ያለ እጢ) ካንሰር መያዙ የተነገረው ሰው ቁጥር በ1993 ከነበረው አሥራ አምስት እጥፍ ሆነ። በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን አልተለወጠም። ትርጉሙ ከባድ ነው፤ ከእነዚያ ሰዎች እጅግ ብዙዎቹ ሳያውቁት አብረውት ሊኖሩና በሌላ ምክንያት ሊሞቱ በሚችሉት ጥቃቅን ዕብጠት ምክንያት «ካንሰር አለብህ» ተባሉ፣ አንገታቸው ተከፈተ፣ ብዙዎቹም እስከ ዕድሜ ልካቸው በየዕለቱ ኪኒን የሚውጡ ሆኑ፤ የድምፅ አውታራቸው የተጎዳባቸውም አሉ። በ2014 የአገሪቱ ሐኪሞች ቡድን በአደባባይ ካስጠነቀቀ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ቀዶ ሕክምናው በሲሶ ያህል ቀነሰ። ጤነኛ ሰው «ሙሉ ሰውነቴን ልታይ» ብሎ ሲመጣ የምነግረው የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ነው፤ አንዳንዱ ይሰማኛል፣ አንዳንዱ ሌላ ቦታ ሄዶ ይነሳል።

ስለ አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ስለ እኛ ዝምታ። በሙያችን ደንብ ውጤትን ለታካሚ የሚነግረው ሐኪሙ ነው። ደንቡ ትክክል ነው፤ ያየሁትን ሁሉ የመተርጎም ሥልጠና የለኝም፤ የተሳሳተ ቃል ሰው ይሰብራል። ነገር ግን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ የአልትራሳውንዱን መያዣ ሳሳርፍ የፅንሱ ልብ የማይመታ መሆኑን ለማወቅ የሐኪም ትርጉም አያስፈልገኝም። ከዓመታት በፊት ይህ ሲገጥመኝ መያዣውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዟዟርኩ፣ ተጨማሪ ቅባት ቀባሁ፣ ስክሪኑን በቀስታ ወደ እኔ አዞርኩ። ሴትየዋ ስክሪኑን ትታ ፊቴን ታይ ነበር። «እህቴ፣ ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ። «ሐኪሙ ያነጋግርሻል» አልኳት፤ ሆዷንም እንድትጠርግ ወረቀት ሰጠኋት። ሐኪሙ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ያህል በመተላለፊያው፣ ሆዳቸውን ይዘው በሚሳሳቁ ሴቶች መካከል ተቀመጠች። ደንቡን አልጣስኩም። ያደረግኩት ግን በደል ነበር፤ አሁንም በደል ነው እላለሁ።

አሁን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ መያዣውን አስቀምጬ፣ ስክሪኑን ሳላዞር፣ «ማየት የነበረብኝን ነገር እያየሁ አይደለም፤ ሐኪሙን አሁኑኑ እዚሁ እጠራዋለሁ፤ እስከዚያ ካንቺ አልለይም» እላለሁ። ሐኪሙ እስኪገባ ሌላ ታካሚ አላስገባም። ወረፋው ይረዝማል፤ ይርዘም። ያላየሁትን አልተረጎምኩም፣ ያየሁትንም አልደበቅኩም፤ ሴትየዋንም በዝምታዬ ብቻዋን አልተውኳትም። እዚህ ላይ መጨመር ያለብኝ አንዳንዴ አለመናገር ራሱ ሰውን ማዳን ሊሆን እንደሚችል ነው፤ ሕንድ በ1994 ባወጣችው ሕግ የፅንስን ፆታ መናገርን የከለከለችው ሴት ፅንሶች በአልትራሳውንድ ተለይተው እየተወረዱ ስለነበር ነው። የምንናገረውም የማንናገረውም ማንን ይጠብቃል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ግራ የሚያጋባኝ ለሕክምና ጭራሽ ያልታዘዘ ምስል ነው። በተለያዩ አገሮች፣ ወረቀት ሳይዙ ድንበር የተሻገሩ ወጣቶች ከ18 ዓመት በታች መሆናቸውን ለማጣራት የግራ እጃቸውን አንጓ ራጅ የማንሳት አሠራር አለ። ምስሉ የሚነጻጸርበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣውና በ1959 የታደሰው የግሮይሊክና የፓይል አትላስ ነው፤ በውስጡ ያሉት ምስሎች ከ1931 እስከ 1942 ድረስ በአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ከተማ ደኅና ኑሮ ካላቸው ነጭ ቤተሰቦች ልጆች የተነሱ ናቸው። መጽሐፉ የተዘጋጀው ሐኪሞች የልጆችን ዕድገት እንዲከታተሉበት እንጂ ዳኞች ዕድሜ እንዲቆርጡበት አልነበረም። በአሥራዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ ጤናማ ወጣት የአጥንቱ ብስለት ከትክክለኛ ዕድሜው ሁለት ዓመት ያህል ወዲህም ወዲያም ሊሆን ይችላል። በረሃብና በበሽታ ውስጥ ያደገ ልጅ ደግሞ አጥንቱ ሊዘገይ ይችላል። ጨረሩ በጣም ጥቂት ነው፤ ሙግቱም እሱ አይደለም። ምርመራው ለልጁ ጤና የሚፈይደው ነገር ሳይኖር፣ «እሺ» ካላለ የሚጠረጠር መሆኑን እያወቀ የሰጠው ፈቃድ ምን ዓይነት ፈቃድ ነው? የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለ ማዘዣ ቢመጣልኝ ላነሳ አልፈልግም፤ አልፈልግም ለማለት መብት እንዲኖረኝም እፈልጋለሁ።

የተነሳው ምስል ወዴት እንደሚሄድ ብንከተልም ነገሩ እዚያው የፈቃድ ጥያቄ ላይ ያደርሰናል። የድሮው ፊልም በታካሚው ብብት ሥር ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ የዛሬው ምስል በመረጃ ቋት ይቀመጣል፣ በውስጡም ስም፣ የልደት ቀን፣ የተነሳበት ቀንና ቦታ አብሮ ይጻፋል። በ2019 የደኅንነት ተመራማሪዎች በብዙ አገሮች የሚገኙ በመቶዎች የሚቆጠሩ የምስል ማከማቻዎች ያለ ይለፍ ቃል ለኢንተርኔት ተጋልጠው በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የታካሚ መዛግብት ለማንም ክፍት መሆናቸውን ይፋ አድርገዋል። ስምን መሰረዝም ሁልጊዜ አይበቃም፤ በዚያው ዓመት በታተመ ጥናት የ84 ፈቃደኞች የጭንቅላት ኤምአርአይ (በመግነጢስ ኃይል የሚነሣ ምስል) ፊትን በሚለይ ፕሮግራም ከፎቶግራፋቸው ጋር ሲነጻጸር 70ዎቹ በትክክል ተለይተዋል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ባልደረቦቼ «ደስ የሚል ኬዝ ነው» እያሉ በስልካቸው የሚቀባበሉትን ምስል ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከሥር በስተግራ ጥግ የታካሚው ስም ሳይጠፋ የሚነበብባቸው ምስሎች ብዙ ናቸው። ስሙን ቆርጠው ቢያስቀሩት እንኳ፣ ደስ የሚለው ኬዝ ቤቱ ሄዶ ውጤቱን የሚጠብቅ ሰው ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትም የሚሠለጥነው በእነዚሁ ምስሎች ነው። ልፋትን ሊያቃልል እንደሚችል አልጠራጠርም፤ የሰው ዓይንም ይስታል። በ2013 በታተመ ሙከራ በሳንባ ሲቲ ስካን ላይ የተጨመረን የጎሪላ ምስል ከ24 የራዲዮሎጂ ሐኪሞች 20ዎቹ ሳያዩት አልፈዋል፤ ትናንሽ ዕብጠቶችን እየፈለጉ ነበርና። ነገር ግን በ2021 የወጣ ጥናት፣ በብዙ የደረት ራጆች የሠለጠኑ ፕሮግራሞች ሴቶችን፣ ጥቁሮችንና ድኆችን ታመው ሳለ «ጤነኛ» የማለት ዝንባሌ እንዳላቸው አሳየ፤ በ2022 ደግሞ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የሠለጠኑ ሐኪሞች ሊያዩት የማይችሉትን የታካሚውን ዘር ከራጅ ምስል መለየት እንደሚችሉ ታወቀ። ሐኪም ሲስት ስሙ ከሪፖርቱ ሥር ተፈርሟልና ይጠየቃል። ፕሮግራሙ ሲስት ከሥሩ የሚፈርም ሰው መኖር አለበት፤ ያ ሰውም ምስሉን በራሱ ዓይን ያየ መሆን አለበት። ምስሎቹ ለሥልጠና እንዲውሉ ደግሞ ባለቤቶቹ ይወቁ። እኔም ሙያዬን የተማርኩት በሌሎች ሰዎች ምስል ነውና ለትምህርትና ለምርምር መዋሉን አልቃወምም፤ የምቃወመው ሰውየው ሳያውቅ መሆኑን ነው።

ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ እጃቸው በር መካከል ተቀርቅሮ ለራጅ መጡ። የጋብቻ ቀለበታቸው ጣታቸው ስላበጠ አልወጣም፤ በሳሙናም ሞከርን፣ በክርም ሞከርን፣ እምቢ አለ። «ይቅር አባቴ፣ ከነቀለበቱ እናነሳዋለን» አልኳቸው። እጃቸውን ሰሌዳው ላይ ካስተካከልኩ በኋላ፣ እንደ ልማዴ ምን ያህል ጨረር እንደሚያገኛቸውና ለምን እንደምናነሳቸው ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ማንም ታካሚ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ ይህን የሚያየው ማን ማን ነው?»

በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ያዘዘው ሐኪም፣ ምስሉን የሚያነበው የራዲዮሎጂ ሐኪም፣ እኔ፣ የአጥንት ሐኪሙ፣ ተማሪዎች ካሉ ተማሪዎች፣ የመረጃ ቋቱን የሚጠብቀው ባለሙያ። ሰባተኛው ጣቴ ላይ ስደርስ ማሽኑን በርቀት የሚጠግነው ኩባንያ ትዝ አለኝና ቆምኩ። «አላውቀውም አባቴ፤ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። «እንግዲያው አጣሪና ንገሪኝ፤ እጄስ ይነሳ» አሉኝ። አነሳኋቸው። ጣታቸው አልተሰበረም፤ ቀለበቱ በአጥንቱ ላይ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ስማቸውንና ስልካቸውን በማስታወሻዬ ላይ ጽፌ፣ በማግስቱ መረጃ ክፍል ሄጄ ጥያቄያቸውን እንዳለ ጠየቅሁ።